ውሃ ሲቆርጥ

ገብሱ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድሯል። ጠዋት ውሃው ይጠነፈፋል፤ እህሉ በኮባ ቅጠል ይጠቀለልና ድንጋይ ተጭኖበት ሞቅ ያለ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ቅጠሉ ሲገለጥ ወበቁ ፊትን ይመታል። ፍሬዎቹ ነጫጭ ሥር አውጥተው እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። ጠማቂዋ አንዷን ፍሬ ለይታ በጥርሷ ትሰብራለች። ጥሬ ገብስ ሲታኘክ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ይህ ግን ጣፈጥ ይላል። ደርሷል ማለት ነው። ተበታትኖ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ ብቅል ይሆናል።

ስኳር የጨመረበት ሰው የለም። ታዲያ ጣፋጩ ከየት መጣ?

የገብስ ፍሬ ከግማሽ በላይ ስታርች ነው። ስታርች ደግሞ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር በመቶና በሺህ እየሆነ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰክቶ የተያያዘበት ነገር ነው። እንደዚያ ተያይዞ ሳለ ምላስ ስኳርነቱን አያውቅለትም፤ እርሾም አይበላውም። የሚጣፍጠው ሲቆረጥ ነው፤ የሚቆርጠው ደግሞ ውሃ ነው። በሁለት ግሉኮሶች መካከል ባለው ማያያዣ ላይ አንዲት የውሃ ሞለኪውል ትገባና ራሷም ለሁለት ትከፈላለች። አንዱ ሃይድሮጅኗ ለአንደኛው ጫፍ፣ የቀረው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ለሌላኛው ጫፍ ይደርሳል። ማያያዣው ተፈታ። ኬሚስቶች ይህን ሃይድሮሊሲስ ይሉታል።

ከመሟሟት ጋር እንዳይምታታብን። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃው ያው ውሃ ነው፤ ቢተን ጨዉ ተመልሶ ይገኛል። እዚህ ግን ውሃው ራሱ ተበልቶ የስኳሩ አካል ሆኗል። ነገሩ ሚዛን ላይ ጭምር ይታያል፦ 100 ኪሎ ንጹሕ ስታርች አንድም ማያያዣ ሳይቀር ቢቆረጥ 111 ኪሎ ግሉኮስ ይሆናል። 11 ኪሎው ቀድሞ ውሃ የነበረ ነው። የግሉኮስ ፋብሪካ ባለቤት ውሃን በስኳር ዋጋ ይሸጣል ቢባል ሐሜት አይሆንም።

ሆኖም ውሃ ብቻውን ሲተው ሰነፍ ነው። ፕሮቲንን አያይዞ የሚይዘው ማያያዣ በተራ ውሃ ውስጥ፣ በክፍል ሙቀት፣ ግማሹ እስኪቆረጥ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል። ያ ባይሆን ኖሮ አብዛኛው አካሉ ውሃ የሆነው የሰው ልጅ ቆሞ መሄድ ባልቻለ ነበር። ውሃን ከስንፍናው የሚያነቁት አሲድ፣ አልካሊና ኢንዛይም ናቸው፤ ሙቀት ደግሞ ሁሉንም ያግዛል። ገብስ የሚጠቀመው ኢንዛይምን ነው። እርጥበት ሲደርሰው ጽንሱ ጂበረሊን የተባለ ሆርሞን ይልካል። ከገለባው ሥር ያለው ስስ ሽፋን መልእክቱን ተቀብሎ አልፋ አሚሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ያመርታል፤ ይህኛው ረጅሙን ስታርች ከመካከል ከመካከሉ ይቆርጣል። ቤታ አሚሌዝ የተባለው ሌላው ደግሞ ከጫፍ ተነስቶ ግሉኮስን ሁለት ሁለት እያደረገ ይለቅማል። ዓላማው ቡቃያውን መመገብ ነው እንጂ ስለ ጠላ የሚያውቀው ነገር የለም። ጠማቂዋ የምታደርገው ከቡቃያው አፍ መንጠቅ ነው። ኢንዛይሙ ተመርቶ፣ ስኳሩ ገና ተበልቶ ሳያልቅ፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ቡቃያው ይሞታል፤ ኢንዛይሙ ግን በፀሐይ ሙቀት አይሞትም፣ ደርቆ ይተኛል።

የእናቶቻችንን ሙያ «ጥንታዊ ጥበብ» እያሉ ማወደስ የተለመደ ነው። እኔ ግን ውዳሴው ቆይቶ ቅደም ተከተሉ ቢታይ ይሻላል ባይ ነኝ። ለጠላ የሚሆነው ዱቄት በውሃ ተለውሶ ምጣድ ላይ እየተገላበጠ ይበስልና እንኩሮ ይሆናል፤ ወይም ቂጣ ተጋግሮ ይቆራረሳል። ብቅሉ ግን አይበስልም። ጥሬውን ተፈጭቶ ነው ጥንስሱም ድፍድፉም ውስጥ የሚገባው። ምክንያት አለው። ጥሬ ስታርች ጥቅጥቅ ብሎ የተጠቀለለ ስለሆነ ኢንዛይም በቀላሉ አይገባበትም፤ እርጥበትና እሳት አንድ ላይ ሲያገኙት ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይከፈታል። አሚሌዝ በበኩሉ እሳት አይችልም፤ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ የሚቆረጠው ይበስላል፣ የሚያስቆርጠው ጥሬውን ይቆያል። ሁለቱ የሚገናኙት በግራዋ ታጥቦ በወይራ በታጠነው ጋን ውስጥ ነው። ብቅሉን አብሮ ምጣድ ላይ የጣለ ሰው ጌሾው የቱንም ያህል ቢበረክት የሚጠጣ ነገር አያገኝም።

እንጀራም ጋ ይኸው ብልሃት አለ። ሊጡ ከተቦካ በኋላ ጥቂቱ ተቀድቶ፣ በውሃ ቀጥኖ፣ እሳት ላይ እየተማሰለ ይበስልና ተመልሶ ይገባል፤ አብሲት መጣል የሚባለው ነው። የበሰለው ስታርች የተከፈተ ስለሆነ ለኢንዛይሞችና ለእርሾው ቀላል ምግብ ይሆናል፤ ሊጡም ኩፍ ይላል፣ እንጀራው ዓይን ያወጣል።

አውሮፓ ውስጥ ስታርችን በአሲድ መቁረጥ የተጀመረው በስኳር ችግር ዘመን ነው። ናፖሊዮን ከ1806 (እ.ኤ.አ.፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ጀምሮ የእንግሊዝ ንግድ ወደ አህጉሩ እንዳይገባ በመከልከሉ ከካሪቢያን ደሴቶች ይመጣ የነበረው የሸንኮራ ስኳር ተወደደ። በ1811 በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ጎትሊብ ኪርሆፍ ስታርችን ጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ባለበት ውሃ ሲቀቅለው ጣፋጭ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣው። አሲዱን በኖራ ድንጋይ ዱቄት አክሽፎ አጣራው። ያስደነቀው ነገር ከጣፋጩ ይልቅ አሲዱ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ አሲዱ አንድም ሳይጎድል ተገኘ። ራሱ ሳይለወጥ ሌላውን የሚያስለውጥ ነገር አለ ማለት ነው። ስዊድናዊው በርዜሊየስ በ1835 ካታሊሲስ የሚለውን ሐሳብ ሲያቀርብ ከተነሳባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ የስታርች ቅቅል ነበር።

በመካከሉ፣ በ1833፣ አንሰልም ፓየንና ዣን ፍራንሷ ፐርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ብቅልን በውሃ ዘፍዝፈው ካጣሩ በኋላ አልኮል ጨመሩበት። ነጭ ዝቃጭ ወረደ። ያ ዝቃጭ ደርቆ ሲቀመጥም ጉልበቱን አይለቅም፤ ጥቂቱ ብዙ ስታርች ያቀልጣል፤ ሲፈላ ግን ይከሽፋል። ዲያስቴዝ አሉት። ከሕያው ነገር ተለይቶ የወጣ የመጀመሪያው ኢንዛይም ነው። ጠማቂዎች ከጥንት ጀምሮ ሲዘፈዝፉት የኖሩት ነገር ብልቃጥ ውስጥ ገባ።

ዛሬ በብስኩትና በከረሜላ መጠቅለያ ላይ «ግሉኮስ ሲረፕ» ተብሎ የሚነበበው የዚያ ዘር ነው። የበቆሎ ስታርች ከባክቴሪያ በተገኘና እሳት በለመደ አሚሌዝ 105 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ ወደ 60 ዲግሪ ወርዶ ከሻጋታ በተገኘ ሌላ ኢንዛይም እስከ ግሉኮስ ድረስ ይቆረጣል። አሲዱ ከዚህ ሥራ በአብዛኛው ወጥቷል፤ ዕውር ስለሆነ ነው። አሲድ ያገኘውን ሁሉ ይቆርጣል። ኢንዛይም ግን የተላከበትን ማያያዣ ብቻ ይፈልጋል።

የዕውርነቱ ዋጋ በፕሮቲን ላይ ይበልጥ ታየ። የጃፓን አኩሪ አተር ሶስ በባህላዊው መንገድ በሻጋታ ኢንዛይም ቀስ እያለ ወራት ይወስዳል። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን የአትክልት ፕሮቲን በሰዓታት ውስጥ ተቆርጦ የሥጋ ሾርባ ጣዕም ይሰጣል፤ አጂኖሞቶ በ1909 ለገበያ ያቀረበው የማጣፈጫ ዱቄት መጀመሪያ የተሠራውም የስንዴ ፕሮቲን በአሲድ ተቆርጦ ነው። ነገር ግን በ1978 ፕራግ ላይ ኬሚስቶች አሲዱ ከፕሮቲኑ ጋር የቀረውን ጥቂት ቅባትም እንደሚቆርጥና ከተቆረጠው ላይ ክሎሪን ያለባቸው ጎጂ ውህዶች እንደሚፈጠሩ አሳዩ። አሁን ብዙ አገሮች በሶስ ውስጥ ለእነዚህ ውህዶች ጣሪያ አበጅተዋል።

እስካሁን ስለ መቁረጥ አወራን። ሌት ተቀን ውሃ እንዳይቆርጥ የሚታገሉም አሉ፤ በእኔ ግምት የሙያው ከባዱ ክፍል ይኸኛው ነው።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ አማካይነት በ1954 ሥራ ጀመረ። ሸንኮራ አገዳ ውስጥ ያለው ስኳር ሱክሮስ ነው፤ አንድ ግሉኮስና አንድ ፍሩክቶስ የተጣመሩበት። አገዳው ገና ሲቆረጥ በራሱ ውስጥ ያለው ኢንቨርቴዝ የተባለ ኢንዛይም ጥምሩን መፍታት ይጀምራል። የተፈቱት ሁለቱ ስኳሮች ለምላስ ይጣፍጣሉ፤ ለፋብሪካው ግን ኪሳራ ናቸው፤ ነጭ ቅንጣት አይሆኑለትም፣ ከሞላሰሱ ጋር ይሄዳሉ። ሱክሮሱንም ቅንጣት እንዳይሠራ ያውኩታል። ስለዚህ አገዳ ተቆርጦ ፀሐይ ላይ አይከረምም፤ በቶሎ መጨመቅ አለበት። ትራክተር ሲበላሽ ወይም ወፍጮው ሲቆም ሜዳ ላይ የተከመረው አገዳ በዓይን ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ስኳሩ ግን በየሰዓቱ እየከዳ ነው። ከተጨመቀ በኋላም ችግሩ አልቀረም። ጭማቂው በተፈጥሮው ኮምጠጥ ይላል፤ ኮምጣጣ ውሃ ሲፈላ ደግሞ ኪርሆፍ ያየው ነገር ይደገማል። መከላከያው ኖራ ነው። ጭማቂው ከመፍላቱ በፊት በኖራ ውሃ ኮምጣጣነቱ ይሰበራል፤ ያኔ ውሃው ቢፈላም አይቆርጥም። ሞላሰሱም ቢሆን አይጣልም፤ በፊንጫና በመተሐራ አልኮል ይወጣበታል።

ንብ በተቃራኒው ታስቆርጣለች። የአበባው ጭማቂ አብዛኛውን ጊዜ ሱክሮስ አለበት፤ ንቧ ከራሷ ኢንቨርቴዝ ጨምራ ትፈታዋለች። ግሉኮስና ፍሩክቶስ ተለያይተው ከሱክሮስ ይልቅ በጥቂት ውሃ ይሟሟሉ፤ ስለዚህ ማር ውሃው ከመቶ 18 አካባቢ ብቻ እስኪሆን ድረስ ሊወፍር ይችላል። በዚያ ውፍረት እርሾ አይነሳበትም። ጠጅ ጣይዋ ውሃ የምትጨምርበት ለዚህ ነው።

ይኸው ሱክሮስ ለሳይንስ ትልቅ ውለታ ውሏል። ሱክሮስ በውሃ ሟሙቶ ልዩ የተቀናበረ ብርሃን ሲያልፍበት ብርሃኑን ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ ሲቆረጥ ግን ድብልቁ ወደ ግራ ያዞራል። ይህን ተመልክቶ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቪልሄልሚ በ1850 አሲድ የተጨመረበት የስኳር ውሃ በምን ፍጥነት እንደሚቆረጥ ለካ። ኬሚካዊ ለውጥ ስንት ጊዜ ይፈጃል ለሚለው ጥያቄ በሒሳብ ቀመር የተሰጠ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። በ1913 ደግሞ በርሊን ሆስፒታል ውስጥ ሊዮኖር ሚካኤሊስና ካናዳዊቷ ሐኪም ሞድ ሜንተን በኢንቨርቴዝ ላይ ሠርተው የኢንዛይምን ፍጥነት የሚገልጸውን ቀመር አወጡ። የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ዛሬም ፈተና ላይ የሚጠየቀው እሱን ነው።

ወደ ፋርማሲ እንግባ። አንዲት እናት ለልጇ የታዘዘውን አሞክሲሲሊን ይዛ ቆማለች። ፋርማሲስቱ ጠርሙሱን ከፍቶ ዱቄቱ ላይ እስከ ምልክቱ ውሃ ይሞላል፣ ያንቀጠቅጠዋል። «ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የተረፈውን እንዳይሰጡት፣ ይድፉት» ይላል። እናትየው ጠርሙሱን አየት አድርጋ፣ «ገንዘብ የወጣበት መድኃኒት እኮ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ የሚደፋው ያሳዝናል። ግን ፋብሪካው ሽሮፑን ደረቅ ዱቄት አድርጎ የላከው ወጪ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። የፔኒሲሊን ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶች ሁሉ መካከላቸው ላይ ባለ አራት ማዕዘን የተወጠረ ቀለበት አላቸው። ባክቴሪያን የሚገድለው ያ ቀለበት ነው። ውጥረቱ ስላለ ውሃ በቀላሉ ይከፍተዋል፤ አንዴ ከተከፈተ መድኃኒትነቱ አበቃ። ውሃ ከተጨመረበት ሰዓት ጀምሮ መከፈት ይጀምራል፤ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። 7 ወይም 14 ቀን የሚባለው እንደ መድኃኒቱ ዓይነት የሚለያየውን ዕድሜ ነው። አስፕሪንም የዚህ ዓይነት ዕጣ አለው፤ እርጥበት የገባበት የአስፕሪን ብልቃጥ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሞለኪውሉ ተቆርጦ አሴቲክ አሲድ ስለወጣው ነው። እንዲህ ከሸተተ መጣል ነው።

ባክቴሪያዎችም ይህን ደካማ ቦታ አግኝተውታል። ኦክስፎርድ ላይ ኤድዋርድ አብርሃምና ኧርነስት ቼይን ፔኒሲሊንን የሚያከሽፍ ኢንዛይም ከባክቴሪያ ማግኘታቸውን የጻፉት በ1940 ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ ኦክስፎርድ ላይ በፔኒሲሊን የታከመው ደግሞ በ1941 መጀመሪያ ነው። መድኃኒቱ ለሰው ሳይደርስ መቋቋሚያው ታወቀ ማለት ነው። ኢንዛይሙ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት ውሃ እንዲከፍተው ያፋጥናል። ኦግመንቲን ውስጥ ከአሞክሲሲሊኑ ጋር ያለው ክላቩላኒክ አሲድ ባክቴሪያን ለመግደል ብዙ አይረዳም፤ ቀዳሚ ሥራው ኢንዛይሙ ላይ ተለጥፎ ማሰር ነው።

ወደ ገበታው ስንመለስ፣ ጤፍ ብረት እንዳለው ሁሉም ያወራል። ብዙ የማይወራው ከብረቱ ጋር ፋይቴት የተባለ ውህድ መኖሩ ነው። ፋይቴት ስድስት የፎስፌት ክንዶች አሉት፤ በእነርሱ ብረትና ዚንክን አጥብቆ ይይዛል፣ አንጀታችንም ከእጁ ማስለቀቅ አይችልም። ሊጡ ሲቦካ ከእህሉም ከእርሾውም የሚወጣው ፋይቴዝ ክንዶቹን በውሃ አንድ በአንድ ይቆርጣቸዋል። ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራና በችኮላ የተጋገረ ቂጣ ከአንድ ዱቄት ቢወጡም ለሰውነት የሚሰጡት ብረት እኩል አይደለም። ለምግብ እጥረት የሚቆረቆር ሰው ስለ ብረት እንክብል ሲያስብ የሊጡን የመቡኪያ ቀን ማሳጠር ምን እንደሚያጎድል አብሮ ቢያስብ መልካም ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በወላይታና በጋሞ አካባቢ፣ ካሳቫ እየተበላ ነው፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራም ይጋገርበታል። የካሳቫ ሥር ሊናማሪን የተባለ ውህድ አለው፤ እሱን የሚቆርጠው ኢንዛይምም እዚያው ተክል ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል። ሥሩ ሲፋቅና ሲከተፍ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ሊናማሪኑ ይቆረጣል፣ ሳያናይድም ይለቀቃል። ሰው የሚፈራው ይህን መለቀቅ ነው። መፈራት ያለበት ግን ሳይለቀቅ ምግቡ ውስጥ የቀረው ነው፤ ሃይድሮጅን ሳያናይድ በ26 ዲግሪ የሚፈላ ጋዝ ስለሆነ ከሆድ በፊት ከተለቀቀ ወደ አየር ይሄዳል። በኮንጎና በሞዛምቢክ መራራ ካሳቫን ሳያዘጋጁ በችግር ጊዜ የተመገቡ ሰዎች ኮንዞ በሚባል በሽታ እግራቸው ሽባ ሆኗል። አውስትራሊያዊው ኬሚስት ሃዋርድ ብራድበሪ ያስፋፋው ዘዴ ማገዶም መሣሪያም አይጠይቅም፦ ዱቄቱ በውሃ ይለወሳል፣ በስሱ ይሰጣል፣ 2 ሰዓት ፀሐይ ላይ ወይም 5 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይቆያል። በዱቄቱ ውስጥ የቀረው ኢንዛይም ውሃ ሲያገኝ ሥራውን ይጨርሳል።

ሳሙና ላይ ብዙ አልቆይም፤ ስብ በአልካሊ ተቆርጦ ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናል፣ የአመድ ውሃና የከብት ስብ ያለው ሁሉ ከጥንት የሚያውቀው ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ውስጥ ግን አሁን ኢንዛይሞችም አሉበት። ጀርመናዊው ኦቶ ሮም በ1913 ከእንስሳት ቆሽት የተገኘ ኢንዛይም ለልብስ ማጠቢያ እንዲውል ፓተንት አወጣ። የደም፣ የእንቁላልና የወጥ እድፍ ፕሮቲንና ቅባት ነው፤ ኢንዛይሙ ቆራርጦ ውሃ ውስጥ ያስገባዋል። በዚያው ልክ ሱፍና ሐርም ፕሮቲን ናቸው፤ በእንዲህ ያለ ዱቄት ዘፍዝፎ ማሳደር ልብሱን ራሱን ማስቆረጥ ነው።

የዘመኑ ትልቅ ተስፋ ያለው ፕላስቲክ ላይ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት የሚባለው ፕላስቲክም በየመካከሉ ውሃ ሊቆርጠው የሚችል ማያያዣ አለው። በ2016 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሳካይ ከተማ ካለ የጠርሙስ ማደሻ ደጃፍ ባነሱት ናሙና ውስጥ ፔትን ቆርጦ የሚመገብ ባክቴሪያ አገኙ። ሥራው ቀርፋፋ ነበር። በ2020 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከቅጠል ብስባሽ የተገኘ ሌላ ኢንዛይም አሻሽለው በ72 ዲግሪ ሙቀት በ10 ሰዓት ውስጥ የፔቱን 90 ከመቶ ወደ መነሻ ውህዶቹ መለሱት፤ ከእነዚያም አዲስ ጠርሙስ ሠሩ።

ጋዜጦች ዜናውን «ፕላስቲክ የሚበላ ተአምር» ብለው ነበር። ተአምር አይደለም፤ ፋብሪካ ነው። ጠርሙሱ መጀመሪያ ተለይቶ መታጠብ፣ ቀልጦ በፍጥነት መቀዝቀዝና መድቀቅ አለበት፤ አለዚያ ሞለኪውሎቹ ተጠቅጥቀው ኢንዛይሙን አያስገቡም። ሲቆረጥ አሲድ ስለሚወጣው በአልካሊ ማክሸፍ ያስፈልጋል፤ በመጨረሻ የሚተርፈውም ጨው ቦታ ይፈልጋል። ቆራሌው በማዳበሪያ ሰብስቦ ያመጣው ጠርሙስ ለዚህ መንገድ ሊመች ይችላል። ቦይ ውስጥ የተጣለው ግን አይመችም፤ እዚያ 72 ዲግሪም ኢንዛይምም የለም።